ዛሬ ባንዲራ የለም

ድንገተኛ ፍተሻ ማለት ተፈታሹ ሳይሰማ የሚደረግ ፍተሻ ነው። ይሄን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ታዲያ የፖሊስ መኪናው በጠዋት ቆዳ ፋብሪካው በር ላይ ሲቆም ግቢው ተጠርጓል፤ መሬቱ ላይ ውሃ ተርከፍክፏል፤ ሴት ሠራተኞች አዲስ ቢጫ ጓንት አጥልቀው ወዲህ ወዲያ ይላሉ፤ ከበሩ በላይ ደግሞ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ቀይና ነጭ ባንዲራ ይውለበለባል።

«ሠርግ ነው እንዴ የጠሩን?» አለች ኮንስታብሏ ሞተሩን እያጠፋች።

ኢንስፔክተሩ አልሳቀም። እሱ ለመሳቅም ፈቃድ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው ነው። ዞሮ ከኋላ የተቀመጠችውን የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ አያት። ባዶ የውሃ ጠርሙሶቿን እንደ ሕፃን አቅፋ ፊቷ ዐመድ መስሏል።

«አውቀዋል» አለች። «ዛሬ ጓንት የሌለው ሠራተኛ ካገኘሁ የክፍል አለቆቹን አንድ ባንድ ልቀጣ ነበር፤ ነግሬዎት የለ? ይዩልኝ፣ ጓንት ያላጠለቀ ድመት እንኳን የለም!»

ሕጉ እንዲህ ነው። ባለሀብቱ እንዳይረበሽ ተብሎ፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፋብሪካ ከመፈተሹ በፊት ለኢንቨስትመንት ቢሮ ማሳወቅ አለበት። ቢሮው ደግሞ ለፋብሪካው ያሳውቃል። ሌባን «ማክሰኞ ልይዝህ ስለምመጣ ከቤት እንዳትወጣ» እንደማለት ነው። ባለሙያዋ በዚህ ሕግ ስትታለል ኖራ ኖራ በመጨረሻ ጣሰችው። በዋዜማው ጣቢያ ድረስ በአካል መጥታ፣ በር ዘግታ፣ ለኢንስፔክተሩ ብቻ ነገረችው። ምስጢሩን የሚያውቁት እሷ፣ እሱ፣ እና ከፋብሪካው ውስጥ ሆኖ «ኑና እዩ» ብሎ የጠራት አንድ ሰው ነበሩ። ኮንስታብሏ እንኳን ወዴት እንደምትነዳ የተነገራት መሪውን ከጨበጠች በኋላ ነው።

«ሰውዬው ማነው?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«ቆሻሻ ውሃ ማጣሪያው ላይ የሚሠራው። ጉድጓዱ ጋ ሆኖ ይጠብቀኛል።»

እውነትም ጉድጓዱ ጋ ነበር። ሞቶ።

*

ጉድጓዱ ከሕንፃው ጀርባ ነው። ከየክፍሉ የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ መጀመሪያ እዚያ ይገባል። ሁለት ጎረምሶች እግራቸውን መሰላሉ ላይ አድርገው ሊወርዱ ሲሉ ባለሙያዋ ጠርሙሶቿን ጥላ ሮጠች።

«ማንም እንዳይወርድ! የወረደ አይወጣም! በገመድ ጎትቱት!»

በገመድ ተጎትቶ ወጣ። ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ ማጣሪያ» እያለ የሚጠራው፣ ጢሙን በየቀኑ የሚላጭ፣ ቀጭን ሰው። አንድም ቁስል የለበትም። ቀኝ እጁ የብረት መፍቻ ጨብጦ ደርቋል። ጓንት አላጠለቀም፤ ያ ሁሉ ቢጫ ጓንት በግቢው ሲርመሰመስ ለሱ አልደረሰውም። ጣቱ ላይ ያለችው የብር ቀለበት ደግሞ እንደ ከሰል ጠቁራለች።

«ይቺ ቀለበት ትላንት ነጭ ነበረች» አለች ባለሙያዋ ተንበርክካ። «ጋዝ ነው። ኖራ ክፍል የቆዳውን ፀጉር የሚያራግፉበት ውሃ አለ። አሲድ ክፍል ደግሞ ሌላ ውሃ አለ። ሁለቱ ከተገናኙ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣል። ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዝና እሱም አይሸትም። አንድ ሁለቴ መተንፈስ ይበቃል።»

«እንዳይገናኙ ምን ይደረጋል?»

«ኖራ ጠዋት ይደፋል፣ አሲድ ከሰዓት በኋላ። ይሄን ደግሞ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አሲድ ጠዋት እንደማይደፋ ባያምን አይወርድም ነበር።»

ኢንስፔክተሩ አጎንብሶ ወደ ታች አየ። ግድግዳው ላይ አንድ የብረት ክዳን ግማሽ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። ከክዳኑ ኋላ የሰው ጭንቅላት የሚያስገባ ቱቦ አፉን ከፍቷል። ማጣሪያውን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ወንዙ የሚሄድ ቱቦ።

«ይሄን ሊያሳየን ነበር የሚፈታው» አለች ባለሙያዋ። «ክዳኑን ፍታልኝ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሥራ አስኪያጁ በሚያብረቀርቅ ጫማ እየተጠነቀቀ መጣ። ጫማው ጥሩ ቆዳ ነው፤ ምን ያድርግ፣ ከቤት ያለ ነገር።

«እግዜር ነፍሱን ይማር። ግን ማንም ውረድ አላለውም። በራሱ ቸልተኝነት ነው። የመዳብ ዕቃ እየፈታ ይሸጥ ነበር የሚል ሐሜትም አለ።»

«ከማን ሰሙ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሥራ አስኪያጁ የጫማውን ጫፍ በመሐረብ ጠረገ።

ይሄ ጥያቄ የኢንስፔክተሩ ሙሉ ትምህርት ነው። ሌላው መርማሪ አሻራ ይፈልጋል፤ እሱ «ከማን ሰማህ?» ይላል። «ወሬ እናት አላት፤ እናቷን ካገኘሁ ልጆቿ የትም አይጠፉኝም» ይላል። ጣቢያው በሌለበት «ከማን» እያለ ነው የሚጠራው። በምርመራ ክፍሉም አንድ እግሩ ያጠረ ወንበር አለው። ያሳጠረው ራሱ ነው፤ መጋዝ ተውሶ። «ንጹሕ ሰው ወንበሩ ሲያዘነብል ይስቃል፤ ጥፋት ያለበት ሊያስተካክለው ይታገላል» ባይ ነው።

*

አለቃው ኮማንደሩ ስልክ የደወለው ሬሳው ገና ከግቢው ሳይወጣ ነው።

«ስማ፣ ይሄ ፋብሪካ የኤክስፖርት ነው። ዶላር ነው። ስንት ተለምኖ፣ ስንት ዓመት ግብር አትክፈል ተብሎ የመጣ ባለሀብት ነው። የሰውዬው የራሱ ቸልተኝነት ከሆነ ጻፍና ዝጋ።»

«ካልሆነስ፣ ጌታዬ?»

«ካልሆነማ ፋብሪካው ይታሸጋል። ሚስትህም እዚያው አይደል የምትሠራው?»

እዚያው ናት። ያለቀለትን ቆዳ የሚያለሰልሱትን ሴቶች የምትመራ የክፍል አለቃ ናት፤ የቤታቸው ግማሽ እንጀራ ከዚያ ነው የሚመጣው። ኢንስፔክተሩ ስልኩን ዘግቶ ወደ ሟቹ ቤት ሄደ።

ቤቱ የፋብሪካው ነው፤ ከአጥሩ ጋር የተለጠፈ አንድ ክፍል። ጎረቤቶች ደጅ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ደርድረዋል። ሚስትየዋ ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የባሏን ሌላኛውን ሸሚዝ ታጥፋለች፣ ትፈታለች፣ ታጥፋለች።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቂ ተብያለሁ» አለች ሳይጠይቃት። «በራሱ ጥፋት የሞተ ካሳ የለውም አሉኝ። ሌባ ነበር ብለውም ያወራሉ። ጌታዬ፣ ካሳው ይቅር፣ ቤቱም ይቅር። ልጆቼ የሌባ ልጅ እንዳይባሉብኝ።»

«ጠዋት ሲወጣ ምን አለሽ?»

«ደስ ብሎት ነበር። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ጫማውን እያሰረ "ዛሬ ባንዲራ የለም" አለኝ።»

«ምን ማለቱ ነው?»

«እኔ እንጃ። "የምን ባንዲራ?" ስለው ስቆ ወጣ።»

ኢንስፔክተሩ በሯ ላይ ቆሞ ወደ ፋብሪካው በር አየ። ያ ቀይና ነጭ ጨርቅ አሁንም ይውለበለባል።

*

መጀመሪያ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው የአሲድ ክፍል አለቃ ነው። ትከሻው የበር ስፋት፣ ቁጣው የጆንያ በርበሬ። በዚያው ሳምንት ሟቹን በሰው ፊት «እገድልሃለሁ» ብሎታል።

«አዎ ብያለሁ» አለ። «ለልጆቼም በየቀኑ እላለሁ፤ ይኸው ሰባቱም እያደጉ ነው።»

«ምን አጣላችሁ?»

«"ወንዙን ገደልከው" አለኝ። እኔ የተቀጠርኩት ለወንዝ ነው ለቆዳ?»

«ዛሬ ጠዋት አሲዱን ለምን ደፋህ? ሰዓትህ ከሰዓት በኋላ ነው።»

ወንበሩ ወደ ግራ አዘነበለ። ሰውዬው በእግሩ ሊያቆመው ታገለ።

«ኖራውም ተደፍቷል እኮ! አሲድ ብቻውን ማንንም አይገድልም።»

ቀጥሎ የገባው የኖራ ክፍል አለቃ ሽማግሌ ነው፤ ጥፍሮቹ ነጭ ሆነው ቀርተዋል። እሱም አንገቱን ደፍቶ፦

«ኖራ ብቻውን ማንንም አይገድልም» አለ።

«ተማክራችሁ ነው የመጣችሁት ወይስ አንድ ሰው አስጠናችሁ?» አለች ኮንስታብሏ ከጥግ።

ኢንስፔክተሩ ዝም አሰኛት። የሟቹ ሚስት የነገረችው ነገር ከጠዋት ጀምሮ በጆሮው ይዞራል። ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብሎ በቀስታ፦

«አባቴ፣ ባንዲራውን አይተህ ነው የደፋኸው?» አለው።

ሽማግሌው ወንበሩን ይዞ የነበረውን እጁን ለቀቀ። ወንበሩ ሲያዘነብል አብሮት አዘነበለ።

«አብረን ነው ሥራ የጀመርነው» አለ። «ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው። ባንዲራ አየሁ፣ ደፋሁ። ጉድጓድ ውስጥ ሰው አለ ብዬ በምን ላስብ? ባንዲራ ሲሰቀል እኮ ማሰብ የለም። ይደፋል።»

«ይሄን ትፈርምልኛለህ?»

«የሰቀለው ይፈርምና እፈርማለሁ። ብቻዬን ገደል አልገባም። ነገ ብባረር ማን ያበላኛል?»

የአሲዱም አለቃ ተመልሶ ሲጠየቅ ያንኑ ቃል ደገመው። የሰቀለው ይፈርም።

*

ማታ ኢንስፔክተሩ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ የእጅ መታጠቢያው ላይ አጎንብሳ እጇን ትፈትጋለች። ሳሙናውን ጨርሳዋለች። መዳፏ በፋብሪካው መድኃኒት ብዛት እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ስትፈትገው ይደማል።

«በቃሽ እንጂ» አላት።

«ደግ ሰው ነበር» አለች ሳትዞር። «የማለስለሻ ማሽኔ ሲበላሽ የሚጠግንልኝ እሱ ነበር። ሥራው እንኳን አልነበረም።»

«አውቃለሁ።»

«ማን እንደሆነ ደረስክበት?»

«እደርስበታለሁ።»

ዳቦና ሻይ አቀረበችለት፤ እሷ አልበላችም። ገመድ ላይ ቢጫ ጓንቷ ተሰጥቷል። ኢንስፔክተሩ አየው። በቀኑ ውስጥ ያየው ሃምሳኛው ቢጫ ጓንት ስለነበር ዓይኑን አላሳረፈበትም። ይሄን ሰው ማን ኢንስፔክተር አደረገው አትበሉ፤ ሁሉም ሰው ቤቱ ሲገባ ዓይኑን ከጫማው ጋር በር ላይ ያወልቃል።

*

የፋብሪካው በር ጥበቃ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። ወንበሩ ሲያዘነብል ቀጥ ብሎ ተነስቶ ሰላምታ ሰጠና እንደገና ተቀመጠ።

«ባንዲራ የምሰቅለው እኔ ነኝ» አለ። «እንግዳ ሲመጣ የእንግዳው አገር ባንዲራ ይሰቀላል። እንግዳውም ያየውና "አከበሩኝ" ብሎ ደስ ይለዋል። ሠራተኛው ደግሞ ያየውና ያለውን ቆሻሻ በስውሩ ቱቦ አንዴ ይደፋዋል። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ይለቀቃል። እንግዳው ሲደርስ ውሃው ፊቱን ያሳየዋል። ማነው ደንቡን ያወጣው አይበሉኝ፤ ስቀጠር እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት።»

«ጥሩ ዘዴ ነው» አለች ኮንስታብሏ። «ሲጨፍሩበት የኖሩት።»

«ትላንት እኮ እንግዳ የለም» አለ ኢንስፔክተሩ። «ማነው ስቀል ያለህ?»

«የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ። ንጋት ላይ ደወለችልኝ። "አባባ፣ እንግዳ ሳይኖር አይቀርም፣ ባንዲራ ይውጣ" አለችኝ። "የየት አገር?" ስላት "እኔ ምን አውቄ፣ ያገኙትን ይስቀሉ" አለችኝ። ያገኘሁትን ሰቀልኩ።»

«ጋሼ ማጣሪያ አያየውም ነበር?»

«ጉድጓዱ ከሕንፃ ጀርባ ነው፤ ከዚያ አይታይም።» ጥበቃው ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገ። «በኔ በር ገብቶ ነው የሄደው። "እንደምን አደርክ ወታደር" ብሎኝ ነው ያለፈው። ያኔ ባንዲራው ገና አልተሰቀለም። ትንሽ ቀደም ብዬ ሰቅዬው ቢሆን ያየው ነበር። ምነው እጄ በፈጠነ!»

«ትፈርማለህ?»

«ጸሐፊዋ ቀድማ ከፈረመች።»

*

ኢንስፔክተሩ ጸሐፊዋን ከመጥራቱ በፊት አንድ ጥርጣሬ ይከነክነው ነበር። ፍተሻ መኖሩን ያወቁት ሦስት ናቸው። አንዱ ሞቷል። አንዱ ራሱ ነው። ባለሙያዋን ከቢሮዋ ደጅ አገኛት። ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ትወጣለች።

«ታገድኩ» አለችው። «ለኢንቨስትመንት ቢሮ ሳላሳውቅ ስለሄድኩ። ሰው መሞቱ አይደለም ጥፋቴ፤ ማስታወቂያ አለመስጠቴ ነው።»

«ለማን ነገሩ?»

ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«እኔን ነው?»

«ሁሉንም ነው የምጠይቀው። ለባልዎ፣ ለእናትዎ፣ ለጓደኛ...»

«ባል የለኝም። እናቴ ከሞተች ቆየች። ጓደኞቼ ደግሞ ስለ ቆሻሻ ውሃ ሳወራ ስልክ ይዘጉብኛል። እርስዎስ? ለማን ነገሩ?»

«እኔ?» ኢንስፔክተሩ ከልቡ ተቆጣ። «ለራሴ እንኳን ደግሜ አልነገርኩትም! አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም።»

እውነቱን ነበር የሚናገረው። ችግሩም እሱ ነው።

*

ሥራ አስኪያጁ ሳይጠራ ጣቢያ መጣ። ወንበሩ ላይ ግን አልተቀመጠም።

«ባንዲራ ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ ሰው አይገድልም» አለ። «ጸሐፊዋ ያለ እኔ ትእዛዝ ነው የደወለችው። አባርሬያታለሁ። ሌላ ምን ላድርግ? ይስሙኝ፣ ኢንስፔክተር። ጥሬ ቆዳ ወደ ውጭ አይሂድ፣ እዚሁ ይለፋ ተባለ። አለፋን። ቆዳው በመርከብ ሄደ፣ ዶላሩ በባንክ ገባ። ቆሻሻውን የሚወስድ መርከብ ግን አልተላከም። የት ላድርገው? ኪሴ ልክተተው?»

«የጸሐፊዋን ቃል ልቀበል ነው» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ማንም አይፈርምልዎትም» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ በጥላቻ ሳይሆን እንደደከመው ሰው። «ሁሉም ልጅ አለው። እኔም ልጅ አለኝ።»

ጸሐፊዋ ሕፃን ልጇን አዝላ መጣች። ወንበሩ ሲያዘነብል ሕፃኑ ሳቀ። ኢንስፔክተሩ ከዚህ በፊት በዚያ ወንበር ላይ የሳቀ ሰው አይቶ አያውቅም፤ ደንገጥ አለ።

«ደውለሻል?»

«ደውያለሁ። ሥራ አስኪያጁ "እንግዳ ያለ ከመሰለሽ እኔን አትጠብቂ፣ ባንዲራው ይውጣ" ብሎ አዞኛል። አሁን ካደ።»

«እንግዳ እንዳለ ከማን ሰማሽ?»

ጸሐፊዋ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈችው። ከዚያ ኢንስፔክተሩን አየችው። አስተያየቷ የተከሳሽ አልነበረም። ሰው በሽተኛን እንዲህ ነው የሚያየው።

«ማንም እንግዳ አለ አላለኝም» አለች። «ጓንት ነው የተጠየቅኩት።»

«የምን ጓንት?»

«ጓንት መጋዘን ተቆልፎበት ነው የሚኖረው። የሚወጣው ለእንግዳ ብቻ ነው፤ እንግዳው ሲሄድ ይመለሳል። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። በዋዜማው ማታ አንዷ የክፍል አለቃ ደወለችልኝ። "ነገ ለሴቶቼ ጓንት ብታወጪልኝ" አለችኝ። እሷ እንዲህ የምትል ሰው አይደለችም። "ምነው?" ስላት "እንዲያው ነው" አለችኝ። እሷ ደግሞ... ከደህና ቦታ ሳትሰማ አትጠይቅም ብዬ ገመትኩ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ንጋት ላይ ለጥበቃው ደወልኩ።»

«ስሟን ንገሪኝ።»

ኮንስታብሏ ጥግ ላይ ሆና መጻፏን አቆመች።

«ጋሼ» አለች ጸሐፊዋ፣ «ሌሎቹ እኔ ከፈረምኩ እንደሚፈርሙ አውቃለሁ። እኔም እፈርማለሁ። ግን የነገረችኝ ትቅደም። ለሷም የነገራት ይቅደም። ከላይ ይጀመር። እስከ ዛሬ ከታች ነው ሲጀመር የኖረው።»

«ማናት?»

«ቤትዎ ይግቡ፣ ጋሼ። መሽቷል።»

*

ሚስቱ እንደ ትላንቱ መታጠቢያው ላይ ነበረች። ኢንስፔክተሩ ኮቱን ሳያወልቅ ገመዱ ላይ ያለውን ቢጫ ጓንት አወረደና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ጓንቱን አየ፤ እጇን አየ።

በስንት ዓመት የምርመራ ሥራው ይሄን ጥያቄ መጠየቅ የፈራው ያኔ ብቻ ነው።

«ከማን ሰማሽ?»

ቧንቧውን ዘጋችው።

«ካንተ» አለች።

«እኔ ምንም አልነገርኩሽም!»

«አልነገርከኝም። ዳቦ እየቆረስክ "ነገ ጓንትሽን አድርጊ" አልከኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት እጄ ሲደማ እያየህ አንድ ቀን ብለኸኝ አታውቅም። እኛ ጋ ጓንት የሚደረገው መቼ እንደሆነ አላውቅም?» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ለራሴ ብቻ ማድረግ አፈርኩ። ሴቶቹም እንዳይቀጡ ብዬ ደወልኩ። ባንዲራ አልኩ? እንግዳ አልኩ? ጓንት ነው ያልኩት።»

ኢንስፔክተሩ ተቀመጠ። ዳቦ እየቆረሰ የነበረበት ማታ እንደ አዲስ መጣበት። ባለሙያዋ የክፍል አለቆችን እንደምትቀጣ ነግራው ነበር። ሚስቱን ብቻ ከቅጣት ሊያድናት አሰበ። ምስጢርም አላወጣሁም ብሎ ኮራ። ሁለቱንም ባንድ ቃል ሠራሁ ብሎ በደንብ እንቅልፍ ተኛ።

«ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ትደርስበታለህ ብዬ ስጠብቅ ነበር» አለች። «ደግሞ እንዳትደርስበትም እየለመንኩ ነበር።»

ሁለቱም የጠረጴዛውን ጓንት አዩት። ኢንስፔክተሩ የምርመራ ወረቀቱ ላይ «የወሬው ምንጭ አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ይችላል። ኮማንደሩ ይደሰታል። ሚስቱ ሥራዋን አታጣም፣ እሱም ማዕረጉን። ማንም አይፈርም፤ ሥራ አስኪያጁ እንዳለው። ጋሼ ማጣሪያም የመዳብ ሌባ ሆኖ ይቀበራል።

«ቀጥ ያለ ነገር አንድ ቀን እንኳን ብንሠራ» አለች ሚስቱ። ጓንቱን አንስታ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ልትከተው ስትል እጇን ያዘው።

«ተይው። ማስረጃ ነው።»

*

በጠዋት መጀመሪያ የሄደው ወደ ሟቹ ቤት ነው። ሚስትየዋ ዕቃ ማሰር ጀምራለች። ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ከዳቦው ጀምሮ እስከ ባንዲራው ነገራት። ምንም አላሳጠረም። እሷም ምንም አላቋረጠችውም።

ሲጨርስ፦

«ጓንት?» አለችው።

«አዎ።»

«እሱም ሲጠይቃቸው ነበር። ለጉድጓድ ሥራ ጓንትና መተንፈሻ ስጡኝ እያለ። ስንት ጊዜ!» የታሰረውን ዕቃ መልሳ መፍታት ጀመረች፤ ለምን እንደምትፈታው ራሷም ያወቀች አይመስልም። «ለሱ የሚነግርለት አንድ ሰው ብቻ ቢኖር።»

ኢንስፔክተሩ ይቅርታ ሊል አስቦ ነበር የመጣው። አልጠየቀችውም፤ እሱም ያለ ጥያቄ ለመናገር ድፍረት አጣ።

«እፈርማለሁ» አላት። «ሌሎቹም ይፈርማሉ።»

«ፈርሙ» አለች። ደህና ሁን አላለችውም።

*

ጣቢያ ሲደርስ ሁሉም ከምርመራ ክፍሉ ደጅ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ጥበቃው አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። የኖራው ሽማግሌና የአሲዱ ጎልማሳ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተዋል። ጸሐፊዋ ሕፃኗን ታጠባለች። ጫፍ ላይ ሚስቱ ተቀምጣለች፤ የተሰነጣጠቁ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ። ማንም ማንንም አያይም።

ኢንስፔክተሩ ገባ። ከጠረጴዛው ኋላ ያለውን የራሱን ወንበር አልፎ ባለ አጭር እግሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ኮንስታብሏ።

«ቁጭ በይና ጻፊ። ቃል ልሰጥ ነው።»

«ኮማንደሩ ዛሬ ፋይሉ ይዘጋ ብሏል እኮ። ደውሎ ነበር።»

«እዘጋዋለሁ። ከላይ ነው የምንጀምረው። ጠይቂኝ።»

ኮንስታብሏ ለቀልድ የሚሆን ነገር ፈለገች፤ አላገኘችም። ቀስ ብላ በሱ ቦታ ተቀመጠች። እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ፍተሻ መኖሩን ከማን ሰሙ?»

«ከአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዋ።»

«ለማን ነገሩ?»

ወንበሩ ወደ ግራ አዘነበለ። በእግሩ ሊያስተካክለው ሲል ራሱን ያዘው፤ ተወው፤ አብሮት አዘነበለ።

«ለባለቤቴ» አለ። «ነገ ጓንትሽን አድርጊ አልኳት።»

ጻፈች። አነበበችለት። ፈረመ። ሌላ የሚናገረው ነገር እንዳለ ጠየቀችው፤ ወንበሩን አየና «ይሄ ወንበር ይጠገን» አላት። «አሁን ግን አይደለም። ሁሉም ከጨረሰ በኋላ።»

በሩን ከፍቶ ወጣ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ቀና አሉ።

«ቀጣይ» አለች ኮንስታብሏ ከውስጥ።

ሚስቱ ተነሳች። በአጠገቡ ስታልፍ ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ወንበሩ ወደ ግራ እንደሚያዘነብል፣ እግሯን ቀኝ ላይ ብታስደግፍ እንደሚሻላት። ዘጋው።

በሩ ተዘጋ። ከውስጥ ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማ።